ውሻውን ሳትቆጥሩ ቀይ ቀበሮውን አትቁጠሩ

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ እቆጥር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በጋውን ሙሉ ደብተሬ ላይ 14 ጊዜ «ቀይ ቀበሮ ታየ» ብዬ ጽፌአለሁ። በሁለተኛው ዓመት 23 ሆነ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ቀበሮዎቻችን ጨመሩ» እለው ጀመር። አንድ ስብሰባ ላይም ተነስቼ ተናገርኩ፤ ሰው አጨበጨበ።

ከስብሰባው ስንወጣ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራ አንድ የጓሳ ጠባቂ ስካውት ወደ ዳር ጠራኝ። «ለመሆኑ አምና ስንት ጠዋት ወጣህ? ዘንድሮስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ኩራዝ አብርቼ ደብተሩን ገልጬ ቆጠርኩ። አምና 20 ጠዋት ወጥቻለሁ። ዘንድሮ 37። 14ን ለ20 ሳካፍል 0.7 መጣ። 23ን ለ37 ሳካፍል 0.62። ቀበሮው አልጨመረም። የጨመረው የእኔ መውጣት ነው።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ ለማኅበረሰብ ስካውትነት ለተመረጣችሁ፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወደ ደጋ ለምትወጡ ተማሪዎች፣ ስሜንም ሁን ደላንታ፣ አርሲም ሁን ባሌ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ አውሬ ለምትቆጥሩ ሁሉ ነው። እኔ በስህተት የተማርኩትን እናንተ በንባብ ብታገኙት ደስ ይለኛል።

ጓሳን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ ነው። መሃል ሜዳ ከተማ ቅርብ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይሆናል፣ እረኛ ዝናብ ሲመጣ የሚደፋው ገሳ ይሠራበታል። አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያግጥም፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቄሮ ፈረሰ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ቀይ ቀበሮው እዚህ እስካሁን ያለው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሣሩ ካለ አይጡ አለ፤ አይጡ ካለ ቀበሮው አለ።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የለም። ለአቅመ መውለድ የደረሱት ሁሉም ተደምረው ከ500 አይበልጡም፤ ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የቀሩት እንደ እኛ ባሉ ትንንሽ ተራሮች ላይ ተበታትነዋል። ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ ነበሩ፤ ጠፍተዋል። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ላይም ነበሩ፤ ጠፍተዋል። በትንሽ ተራራ ላይ ያለ ትንሽ መንጋ ሲጠፋ ድምፅ የለውም። የሚቆጥር ሰው ከሌለ መጥፋቱ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሥራው።

መጀመሪያ የምታዩት አውሬ ምን እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በእኛ አገር ሰው «ቀበሮ» ሲል ሁለት አውሬ በአንድ ስም እየጠራ ነው። አንዱ ቀይ ቀበሮ ነው። ሌላው ግራጫና ቢጫ የተቀላቀለበት፣ እስከ ማሳና መንደር ድረስ የሚወርድ ተራ ቀበሮ ነው። ይሄኛውም የአገሩ ነው፣ መጤ አይደለም። ሳይንቲስቶች ዘሩን መርምረው ወደ ተኩላ ወገን የመደቡት በቅርቡ ነው። ቀይ ቀበሮው እግሩ ረጅም ነው፣ አፉ ቀጭንና ሹል ነው፣ ሰውነቱ እንደ ሸክላ ቀልቷል፣ ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ነጭ አለው፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁርና ጎፈሬ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ግን ሁሉም አንድ ይመስላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ካየኋቸው ውስጥ ስንቱ ተራ ቀበሮ እንደነበር ዛሬ መናገር አልችልም። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ «ያልተለየ» የሚል ቦታ ይኑር። ካልለያችሁት እዚያ ጻፉት። ለማወቅ መቸኮል መረጃውን ያበላሸዋል።

የስሙ ጉዳይ ለቀበሮውም የሕይወት ጉዳይ ነው። ተራው ቀበሮ በግ ይወስዳል። ቀይ ቀበሮው ኑሮው በአይጥና በፍልፈል ነው። ሰው ግን «ቀበሮ በጌን በላ» ሲል የሚቆጣው በሁለቱም ላይ ነው። አንድ አባት በጋቸው ተበልቶባቸው ሲያማርሩ አብሬአቸው እስከ ቦታው ሄጄ ዱካውን አየን። «አባባ፣ መልኩ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «አመድማ ነው፣ ጅራቱ አጭር ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ለጎረቤት «ቀዩ አይደለም» እያሉ ያስረዱ ነበር። በግ ለጠፋበት ሰው ማዳመጥ ከቆጠራው ሥራ ውጭ እንዳይመስላችሁ።

መንገዳችሁን አንዴ ምረጡና አትቀይሩት። እኛ አራት የመቁጠሪያ መስመር አለን። ሁለቱ በሣሩ መሃል፣ አንዱ በረግረጉ ዳር፣ አንዱ ደግሞ የአስታ ቁጥቋጦ በሚበዛበት ገደል አፋፍ ላይ ያልፋል። አራተኛው ላይ ቀበሮ የሚታየው ስንት ጊዜ አንዴ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ «ይሄን ለምን እንሄድበታለን?» ይላል። የምንሄድበት ባዶነቱም መረጃ ስለሆነ ነው። ቀበሮ የሚበዛበትን ቦታ ብቻ እየመረጣችሁ ከሄዳችሁ መንጋው በግማሽ ቢቀንስ እንኳ አይታወቃችሁም፤ የቀረው እዚያው ጥሩ ቦታ ላይ ይሰበሰባላ።

ጭላዳ ዝንጀሮም እንዲሁ ያሳስታል። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ዘና ብሎ ሲሄድ ታያላችሁ። ጭላዳው አይሸሸውም፣ እሱም ግልገሉን አይነካም። እዚሁ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ3 ሙከራ 2 ያህሉ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከ4 አንዱ ብቻ። ስለዚህ ጭላዳ ባለበት ቀበሮ ማየት ይቀላል። ይሄን ያወቀ ቆጣሪ ጭላዳ ፍለጋ መንገዱን ይለቃል። እኔም አድርጌዋለሁ። አታድርጉት። መስመራችሁ ላይ ጭላዳ ካጋጠመ ጭላዳ እንደነበረ ጻፉና እለፉ።

ሰዓቱም አንድ ይሁን። ቀይ ቀበሮ ሲያድን ብቻውን ነው፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ የግዛቱን ዳር እየዞረ በሽንቱ ምልክት ያደርጋል። ስንት እንደሆኑ በትክክል የሚቆጠረው ያኔ ነው። እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ30 ተነስተን እስከ 3 ሰዓት እንጨርሳለን። መንዝ ላይ በጥር ያን ሰዓት ውርጩ ጣት ያደርቃል። ባና ደርቡ፣ ጓንት ያዙ፤ እስክሪብቶ በብርድ አይጽፍምና እርሳስ ይሻላል። ጭጋግ ከመጣ ቆጠራው ይቁም፤ ግን «በጭጋግ ምክንያት 1:40 ላይ ተቋረጠ» ብላችሁ ጻፉ። ምንም ያላያችሁበትንም ቀን ጻፉ። ዜሮ ያልተጻፈበት ደብተር አላምንም።

አንዱን ቀበሮ ሁለት ቡድን ሁለቴ እንዳይቆጥረው ያየንበትን ደቂቃና የሄደበትን አቅጣጫ እንጽፋለን። ማታ ስንገናኝ እናስተያያለን። ስልክ ኔትወርክ የሚሠራበት ኮረብታ አንድ ብቻ ስለሆነ በመሃል መደዋወል አይታሰብም። ቡችሎችን በተመለከተ ደግሞ፣ ከአንድ ቤተሰብ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ ዋናዋ ሴት ብቻ ናት። እርግዝናው ሁለት ወር ያህል ነው። ቡችሎቹ ከጉድጓዱ የሚወጡት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ጉድጓድ ስታገኙ አትጠጉ፤ ከሩቅ በመነጽር ቁጠሩ። እናቲቱ ከተረበሸች ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ሌላ ቦታ ትወስዳቸዋለች።

ይህን ሁሉ አስተካክዬ እየሠራሁ እንኳ ትልቁን ነገር አልቆጥርም ነበር። ውሻን።

አራተኛው ዓመት ላይ አንድ እረኛ ልጅ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ቀዩ ቀበሮ ሞቷል፣ አይኑ ክፍት ነው» አለኝ። ሄድን። ከጉድጓዱ ብዙም ሳይርቅ ወድቋል። ቁስል የለውም። አፉ ዙሪያ የደረቀ ለሀጭ አለ። እኔ በድንጋጤ በባዶ እጄ ገለበጥኩት። እጄ ላይ ገመድ የላጠው ቦታ ነበር። ትዝ ያለኝ ከነካሁት በኋላ ነው።

እዚያው በውኃና በሳሙና አጠብኩ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጡ ማጠብ ነው ትክክሉ፤ እኔ ያን ያህል አልቆየሁም። መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ተቋም ክትባቱ አልነበረውም። በማግስቱ ሌላ ከተማ ሄጄ ጀመርኩና እስከ መጨረሻው ወሰድኩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ የሞተ ወይም የታመመ ውሻም ሆነ ቀበሮ በባዶ እጅ አትንኩ። ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ ታጠቡና ያኔውኑ ሂዱ። «ትንሽ ነው፣ ይሽራል» የሚል ሰው አትስሙ። በየቀኑ ለሚወጣ ቆጣሪ ደግሞ ቀድሞ መከተብ እንደሚቻል ጠይቁ።

ቀበሮውን ምን እንደገደለው ዛሬም አላውቅም። የእብድ ውሻ በሽታ የሚረጋገጠው ከአንጎል ናሙና ነው። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረምረዋል። ግን ናሙናው ቀዝቅዞ መድረስ አለበት። እኛ በረዶ የሚይዝ ሣጥን አልነበረንም፣ መኪና አልነበረንም፣ ማን ጭንቅላቱን እንደሚያወጣ አልተነጋገርንም። ሁለት ቀን አለፈ፣ በሰበሰ፣ ቀበርነው። ከዚያ ቤተሰብ ሌሎች ሁለት ቀበሮዎች በዚያው ወር ከደብተሬ ጠፉ። የት እንደሄዱም አላውቅም። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማታ ማታ ደብተሮቼን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት መስመሩ ላይ ስንት ውሻ ነበር? የታመመ ውሻ ታይቶ ነበር? ምንም የለም። ውሻን በየቀኑ አየዋለሁ፤ አንድም ቀን አልጻፍኩትም። ለእኔ ውሻ የቤት እንስሳ እንጂ አዳኝ አልነበረም።

ነው እንጂ። መጤ አዳኝ ስንል ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አይደለም። ሰው ይዞት ወደ ጓሳው የወጣ፣ ሌሊት የሚፈታ፣ ራሱን የሚመግብ ውሻ ለቀይ ቀበሮው መጤ ነው። አይጡን ይሻማዋል። ያሳድደዋል። ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ መገኘቱ በዘረ መል ምርመራ ተረጋግጧል። ከሁሉ የከፋው በሽታው ነው። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ ከዚያም በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ ወረርሽኙ በመታው አካባቢ ከ4 ቀበሮ 3 ያህሉ አልቋል። በ2008 እና 2009፣ በ2014ም ተመልሶ መጥቷል። በየመሃሉ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታ ገብቷል። ባሌ ሰፊ ነው፣ ከተረፉት ተራብተው እንደገና ሞልተዋል። እንደ ጓሳ ባለ ትንሽ ቦታ እንዲያ ያለ ወረርሽኝ ቢመጣ ስንት ይተርፋል ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራው እንዲህ ነው። መስመር ላይ ስንሄድ ውሻ እንደ ቀበሮው ይጻፋል። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ከሰው ጋር ነው ወይስ ብቻውን፣ ምን ያደርጋል። በዓመት ሁለቴ ደግሞ በጓሳ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች እንዞራለን። ስንት ውሻ አለ፣ ስሙ ማነው፣ ተከትቧል ወይ፣ ሌሊት ይታሰራል ወይ።

ስሙን መጠየቅ የጀመርነው እንዲያው በወሬ መሃል ነበር። ትልቅ ጥቅም እንዳለው ያየነው በኋላ ነው። ሰውን «ስንት ውሻ አለዎት?» ስትሉት ይጠራጠራል። ግብር ሊጣል ነው፣ ውሻ ሊገደል ነው ብሎ ያስባል፤ «አንድ» ይላል። «የውሻዎ ስም ማነው?» ስትሉት ግን ፊቱ ይፈታል። «አንበስ ነው፣ ያቺ ደግሞ እናቱ ናት፣ አሮጊት ሆናለች፣ ያኛው የልጄ ነው» ይላል። ሦስት ውሻ ተቆጠረ። ስም ያለው ውሻ ባለቤት አለው። በመስመሩ ላይ አንድ ውሻ አይታችሁ በዙሪያው ካሉት ቤቶች ማንም ስሙን የማያውቀው ከሆነ እሱ የዱር እየሆነ ነው፤ ለየት አድርጋችሁ ጻፉት።

ውሻ ይገደል የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሣል። እኔ በጥብቅ እቃወመዋለሁ። ገበሬው ውሻ የያዘው ሌሊት ጅብ በረቱን እንዳይሰብር ነው። አንበስን ብትገድሉበት በሳምንቱ ያልተከተበ ቡችላ ያመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የታመመ ውሻ ሲያይ ለእናንተ አይነግራችሁም። የሚያዋጣው ክትባት ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተበ በሽታው መዛመቻ ያጣል። ያ 70 በመቶ ግን ከስንት? አጠቃላዩን ካላወቃችሁ ለክትባት የመጡትን ብዛት ብቻ ታወራላችሁ። የውሻ ቆጠራው ለዚህም ነው። ባሌ ላይ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደበቀ የአፍ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ትልቅ እርምጃ ነው። የውሻውን ክትባት ግን አይተካም።

ስለ ቁጥሩ አተረጓጎም አንድ ነገር ልጨምር። የአንድ ዓመት ቁጥር አዝማሚያ አይደለም። ሁለት ዓመትም አይደለም። ጥቂት ቀበሮ ባለበት ቦታ አንድ ቤተሰብ መስመሩን ለቆ ከኮረብታው ማዶ ቢዞር ዓመቱን ሙሉ የቀነሰ ይመስላል። አሁን ከሰበሰብነው ውስጥ በልበ ሙሉነት የማወራው ከስምንት ዓመት በላይ በአንድ ዓይነት መንገድ የተመዘገበውን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አውጥቻቸዋለሁ። ስሠራቸው ብዙ ለፍቼባቸው ስለነበር ማውጣቱ ከብዶኝ ነበር። መንገድ፣ ሰዓት፣ ቆጣሪ ከተቀየረም የተቀየረበትን ቀን ጻፉ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ደብተሩን ከእናንተ ውጭ ማንበብ መቻል አለበት።

ያ ስብሰባ ላይ ላጨበጨበልኝ ሰው ደግሞ ዕዳ ነበረብኝ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሼ ስህተቱን ተናገርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። አንዲት እናት «ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ውሻዎን ሌሊት ይሰሩት፣ ሲታመም ይንገሩኝ» አልኳቸው። አሁን ካሉን ጠቋሚዎች ሁሉ ቀድመው የሚደርሱልኝ እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ድረስ ልከው ያስደውላሉ።

ዘንድሮ ለበረዶ የሚሆን ሣጥን አግኝተናል። ጓንት አለን። ጭንቅላት ማን እንደሚያወጣ፣ ማን መኪና እንደሚለምን፣ ማን እንደሚደውል በወረቀት ጽፈን ስካውቶቹ ጎጆ ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። የውሻ ዙሩ ጥር ጥምቀትን ተከትሎ ይጀመራል፤ ያኔ ሰው ከየሄደበት ስለሚመለስ ቤት ይገኛል። የቀበሮው ቆጠራ ከእሱ ሳምንት በኋላ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ30፣ በእነዚያው አራት መስመሮች።